ምግብ ጥርስን ሁለት ጊዜ ያገኘዋል፦ ስለ ኢናሜልና ስለ ማዕዳችን የተሰጠ የሕዝብ ንግግር



 የንግግሩ ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለዚህ አንድ ሰዓት ምን ያደርጋል? ካልሲየም ብሉ፣ ስኳር ቀንሱ፣ ጥርሳችሁን ቦርሹ ብለህ ብትቀመጥ ይበቃ ነበር» ብሎኛል። ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ ልናገር የመጣሁት ስለ እነዚሁ ሦስት ምክሮች ነውና። የመጀመሪያው ምክር በግማሽ ትክክል አይደለም። ሁለተኛው እውነት ቢሆንም ዋናውን ነገር ይስታል። ሦስተኛውም ሰዓቱ ካልተጠበቀ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ሊዞር ይችላል።

የጥርስ ጉዳይ በጤና ውይይቶቻችን ውስጥ ዘወትር የመጨረሻውን ወንበር ይይዛል። ነገር ግን ከትልልቅ ከተሞቻችን ወጣ ስንል የጥርስ ሐኪም ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ሲገኝም ለተቦረቦረ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው መንቀል ነው። ጥርስ ማስሞላት፣ የሥር ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከል ለብዙው ወገናችን ከአቅም በላይ ናቸው። ስለዚህ በእኛ አገር ሁኔታ ኢናሜልን መጠበቅ ከሕክምና በፊት የሚመከር ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ለብዙ ሰው ያለው አንድ ሕክምና እርሱ ነው።

ኢናሜል የምንለው ከድድ በላይ የሚታየውን የጥርስ ክፍል የሚሸፍነውን ነጭ ልባስ ነው። በሰው አካል ውስጥ ከእርሱ የጠነከረ ነገር የለም። ከክብደቱ 96 ከመቶ ያህሉ ማዕድን ሲሆን የቀረው ውኃና ጥቂት ፕሮቲን ነው። ማዕድኑ ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል፤ ካልሲየምና ፎስፌት በሥርዓት ተደርድረው የሠሩት ክሪስታል ነው። አጥንትም ከዚሁ ዓይነት ማዕድን ይሠራል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ለዛሬው ጉዳያችን ወሳኝ ነው። አጥንት ሕያው ነው፤ ደም ይደርሰዋል፣ ሲሰበር ይጠገናል፣ ዕድሜ ልኩን ጥቂት በጥቂት እየፈረሰ ይታደሳል። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ብቅ ሲል ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ኢናሜል ደም አይደርሰው፣ ነርቭ አይደርሰው፣ የሚያድስ ሕዋስ የለው። ሠሪው ጥሎት የሄደ ግድግዳ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ የንግግሬም መሠረት እርሱ ነው። ምግብ ጥርስን የሚያገኘው ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። አንደኛው ጥርሱ ገና በመንጋጋ ውስጥ ተቀብሮ ሲሠራ በደም በኩል ነው። ሁለተኛው ጥርሱ ከወጣ በኋላ በአፍ በኩል፣ በቀጥታ በመንካት ነው። የመጀመሪያው በር አንድ ጊዜ ከተዘጋ አይከፈትም። ዕድሜው 30 የደረሰ ሰው ጥርሱን ለማጠንከር ብሎ የካልሲየም እንክብል ቢውጥ ለአጥንቱ ሊጠቅመው ይችላል፤ ወደ ኢናሜሉ ግን የሚያደርሰው የደም መንገድ የለም። ባልደረባዬ የሰጠው የመጀመሪያ ምክር በግማሽ ትክክል አይደለም ያልሁት ለዚህ ነው።

ስለ መጀመሪያው በር ጥቂት ልበል። የወተት ጥርስ ኢናሜል መሠራት የሚጀምረው ሕፃኑ በእናቱ ማሕፀን ሳለ፣ በአራተኛው ወር ገደማ ነው። ከቋሚ ጥርሶች መካከል በስድስት ዓመት ዕድሜ የሚወጣው የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ልባሱን መሥራት የሚጀምረው ሕፃኑ በሚወለድበት ሰሞን ነው። ከመጨረሻው መንጋጋ በስተቀር የቀሩት ቋሚ ጥርሶች የሚታየው ክፍላቸው እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል ማለት ይቻላል። በእነዚህ ዓመታት ሕፃኑ በምግብ እጥረት ቢጎዳ ወይም ብርቱ ትኩሳት ደጋግሞ ቢይዘው በዚያ ሳምንት ይሠራ የነበረው የኢናሜል ክፍል ሳስቶ ወይም ጎድጉዶ ይቀራል። የዛፍ ግንድ ሲቆረጥ ድርቅ የነበረበት ዓመት በቀጭን ቀለበቱ እንደሚታወቅ ሁሉ የአንድን ወጣት የፊት ጥርሶች በጥንቃቄ የሚመለከት ሐኪም በጥርሱ አግድም የተሰመረውን ጎድጓዳ መስመር አይቶ ልጁ በስንት ዓመቱ ገደማ እንደ ተጎዳ ሊገምት ይችላል። በአገራችን የረኃብ ዘመን ያደጉ ሰዎች ታሪክ በመዝገብ ባይጻፍ እንኳ በጥርሳቸው ላይ ተጽፏል።

ለዚህ ግንባታ የሚያስፈልጉት ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ በቂ ፕሮቲንና ቫይታሚን ዲ ናቸው። የመጨረሻው በምግብ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ዋና ምንጩ ፀሐይ ነው። የ13 ወር ፀሐይ ባለባት አገር ሕፃናት በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንታቸው ሲለሰልስና እግራቸው ሲቆለመም ማየት የሚያስገርም ነው፤ ነገር ግን በሕፃናት ክፍሎቻችን የታወቀ በሽታ ነው። ምክንያቱ ፀሐይ አለመኖሩ ሳይሆን ሕፃኑ «ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል» ተብሎ በጨለማ ክፍል ተጠቅልሎ መክረሙ ነው። የእናቶቻችን ስጋት ከፍቅር የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ያ ሕፃን በየማለዳው ጥቂት ጊዜ ገላው ለፀሐይ ቢጋለጥ አጥንቱም ጥርሱም ያመሰግኗታል።

እዚህ ላይ ሁለት እምነቶችን ማንሳት ይገባኛል። አንደኛው «ልጅ በወለድሁ ቁጥር ጥርሴን በላው» የሚለው የብዙ እናቶች ንግግር ነው። ፅንሱ የሚያስፈልገው ካልሲየም ከእናቱ ምግብ ካልተገኘ ከአጥንቷ ይወሰዳል፤ ከኢናሜሏ ግን ሊወሰድ አይችልም፤ መንገዱ የለምና። በእርግዝና ጊዜ ጥርስ የሚጎዳው በተደጋጋሚ ማስመለስ የሆድ አሲድ ወደ አፍ ስለሚያመጣ፣ አምሮት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ስለሚያስበላና ድድም በዚያ ጊዜ በቀላሉ ስለሚቆጣ ነው። እናቲቱ የምታየው ጉዳት እውነት ነው፤ ተጠያቂው ግን ፅንሱ አይደለም። ሁለተኛው እምነት ይበልጥ ከባድ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «የድዱ ጥርስ ነው» ተብሎ ገና ያልወጣው ጥርስ በስለት ወይም በጋለ ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። ይህ ሕፃኑን ለመድማትና ለመመረዝ ከማጋለጡ በላይ ከሥሩ ያለውን የቋሚ ክራንቻ ጥርስ ቡቃያ ይጎዳል። በዚህ መንገድ የተጎዳ ጥርስ ከዓመታት በኋላ ሲወጣ ኢናሜሉ የተበላሸ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይወጣም። የተቅማጡ መድኃኒት ፈሳሽና ሕክምና ነው።

በመጀመሪያው በር በኩል ጥርስን ከሚያገኙት ነገሮች መካከል ለአገራችን እጅግ አሳሳቢው ግን ምግብ ሳይሆን ውኃ ነው። ወንጂን ላንሳ። የስኳር ፋብሪካው በሆላንዳውያኑ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ሲጀምር በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ቦታ ሰፈረ፤ የሚጠጣውም የጉድጓድ ውኃ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም የበለጠ ፍሎራይድ እንዳይኖር ያሳስባል፤ በወንጂና በሌሎች የሸለቆው አካባቢዎች የተገኘው መጠን ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በስምጥ ሸለቆ ባደረጉት ጥናት የብዙ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ መሸርሸሩን፣ ለብዙ ዓመታት ያንን ውኃ ከጠጡት መካከልም አከርካሪያቸው ደርቆ የጎበጡ ሰዎች መኖራቸውን መዝግበዋል።

ፍሎራይድ በደም በኩል ሲበዛ ኢናሜል የሚሠሩትን ሕዋሳት ሥራ ያውካል፤ ማዕድኑ በሚገባ ሳይጠጠር ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይቀራል። ጥርሱ ሲወጣ መጀመሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ነው፤ ቡናማው ቀለም በኋላ የሚመጣ ሲሆን በከባዱ ጊዜ ልባሱ በማኘክ ብቻ ይላጣል። ይህን ጥርስ በመፋቅ ማንጻት አይቻልም። አንድ ተማሪ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው ከንጽሕና ጉድለት ሳይሆን በሦስት ዓመቷ ከጠጣችው ውኃ የተነሣ መሆኑን መምህራን ብታውቁላት ደስ ይለኛል። ማዕዱም ድርሻ አለው። ካልሲየም በአንጀት ውስጥ ፍሎራይድን ይይዘዋል፤ ስለዚህ ወተትና ካልሲየም የበዛበት ምግብ የሚያገኝ ልጅ ያንኑ ውኃ ከሚጠጣው ምግብ ከጎደለው ልጅ ያነሰ ፍሎራይድ ወደ ደሙ ያስገባል። በተቃራኒው የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው፤ በዚያው ውኃ ተፈልቶ ለሕፃን ሲሰጥ በላይ በላይ ይደራረባል። ውኃን ማፍላት ጀርምን እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። ይህ የምህንድስና ተማሪዎችን የሚመለከት ሥራ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ እንዳላችሁ አያለሁ።

ስኳሩን ያመረተው ሠራተኛ ልጅ ጥርሱ በውኃው ሲበላሽ ስኳሩ ደግሞ ወደ መሃል አገር ተጉዞ የሌላውን ልጅ ጥርስ በሁለተኛው በር ይጠብቀዋል። ወደዚያው ልሻገር።

ሻይ ቤት ገብታችሁ አንዱ ደንበኛ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ስኳር ሲገለብጥ ተመልክታችሁ ይሆናል። ከአንድ ደረጃ በኋላ ስኳሩ መሟሟቱን ትቶ ከሥር ይረጋል። ሻዩ የሚሸከመውን ያህል ተሸክሟል። ምራቃችን ለካልሲየምና ለፎስፌት እንዲሁ ነው፤ የሚችለውን ያህል ስለ ተሸከመ ከኢናሜሉ ተጨማሪ አይወስድም፤ እንዲያውም የሳሳ ቦታ ካገኘ ይጨምርበታል። አሲድ ሲመጣ ግን ሁኔታው ይገለበጣል፤ ፈሳሹ የመሸከም አቅሙ ያድግና ጎድሎበት ከጥርሱ ላይ ይስባል። መገልበጫው ነጥብ ለተራው ኢናሜል ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው። ፍሎራይድ በጥቂቱ ከላዩ የነካው ኢናሜል ግን እስከ 4.5 ገደማ ይቋቋማል። አሁን ያነሣሁትን ልብ በሉ፤ በደም በኩል በብዛት ሲመጣ ጥርስን ያበላሸው ያው ፍሎራይድ በአፍ በኩል በሳሙናው መጠን ሲመጣ ያጠነክረዋል። የመጣበት በርና መጠኑ ናቸው ጠባዩን የሚወስኑት።

በአፋችን ውስጥ አሲድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የታወቀው ነው። ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ። አሜሪካዊው ሮበርት ስቴፋን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎችን በስኳር ውኃ አጉመጥምጦ በጥርሳቸው ላይ ያለውን ፒኤች ለካ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመገልበጫው ነጥብ በታች ወረደ፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ፈጀ። ያንን ኩርባ የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከእርሱ የሚከተለው ስሌት ግን ከመማሪያ ክፍል ሲወጣ ይረሳል፦ ጥርስን የሚጎዳው በዋናነት ስንት ማንኪያ ስኳር በላን የሚለው ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ ጀመርን የሚለው ነው።

ለዚህ የሚጠቀሰው ትልቅ ማስረጃ በስዊድን፣ በሉንድ ከተማ ከሚገኘው የቪፐሆልም ተቋም የመጣ ነው፤ ስጠቅሰው ግን አፌ ይመርረዋል። ተቋሙ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ነበር። ከ1940ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመረጡ ነዋሪዎች ስኳር በተለያየ መልክ ተሰጣቸው፤ አንዳንዶቹ ከምግብ ጋር፣ ሌሎቹ በምግቦች መካከል ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ካራሜላ። ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም። ከምግብ ጋር ስኳር ያገኙት ጥርስ ብዙም አልባሰበትም፤ በመካከል በመካከል ካራሜላ የተሰጣቸው ግን ጥርሳቸው በብዛት ተቦረቦረ። ዛሬ የስዊድን ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ከረሜላ በቅዳሜ ቀን ብቻ የመስጠት ልማድ ያላቸው የዚያ ጥናት ትምህርት ወደ ሕዝቡ ስለ ደረሰ ነው። በእኔ አስተያየት እውቀቱን መጣል ለተጎዱት ሰዎች አይክሳቸውም፤ እንዴት እንደ ተገኘ ሳይነገር ማስተማሩ ግን ነውር ነው። በዚህ ፋኩልቲ የምርምር ሥነ ምግባር የምታስተምሩ መምህራን ምሳሌውን ከስቴፋን ኩርባ ጎን እንድታስቀምጡት እለምናለሁ።

አሁን ያንን ስሌት ወደ ቡናችን ላምጣው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ ሦስቱ እስኪጠጡ ድረስ ጨዋታው አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢኖረው የአቦሉ አሲድ ገና ሳይነሣ ቶና ይደርሳል፤ የቶናው ሳይነሣ በረካ። ጥርሱ ከመጀመሪያው ፉት ጀምሮ እስከ ምርቃቱ ድረስ ዕረፍት አያገኝም። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ የሚደገምበት ቤት ብዙ ነው። ይህን ስል ቡናን ልከስ አይደለም፤ ቡናን የሚከስ ሰው በዚህ አዳራሽ በሰላም እንደማይወጣ አውቃለሁ። ጥፋቱ የስኳሩ ነው፤ ስኳሩም በዚህ ሥርዓት ውስጥ የኋላ እንግዳ ነው። በብዙ የገጠር አካባቢዎች ቡና ዛሬም በጨው ወይም በቅቤ ይጠጣል፤ የቡና ቁርሱም ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ ነው። ቆሎ ራሱን የቻለ ውለታ አለው፤ ማኘኩ ምራቅን ብዙ እጥፍ ያመነጫል፣ ምራቅ ደግሞ አሲዱን ያረክሳል። ጠንካራውን ሽምብራ በተሰነጠቀ ጥርስ አትስበሩ እንጂ ቆሎን ከብስኩት አስበልጣለሁ። ስኳሩን መተው የማይችል ሰው በአቦል ይጠቀም፤ ቶናንና በረካን ያለ ስኳር ይጠጣ። ማር «የተፈጥሮ ነው» ብሎ የሚተካም ይኖራል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን የንቡንና የፋብሪካውን ስኳር አይለዩም። ብርዝም ሆነ በማር የተበጠበጠ በሶ ከምግብ ጋር ይሁን።

እስካሁን የተናገርሁት ባክቴሪያ ስለሚያመርተው አሲድ ነው። ምግቡ ራሱ አሲድ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ጥርስ አይቦረቦርም፤ ከላይ ጀምሮ ይሸረሸራል። የኮላ ለስላሳ መጠጥ ፒኤች 2.5 አካባቢ ነው። የ300 ሚሊሊትር ጠርሙስ ደግሞ ወደ 30 ግራም ስኳር ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለት ኃይላችን ከ10 ከመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 ከመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል፤ 5 ከመቶው ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም ነው። አንድ ጠርሙስ የቀኑን ድርሻ አልፎ ይሄዳል። ስኳር የሌለበት ኮላም ቢሆን ለባክቴሪያው ምግብ ባይሆን አሲዱ አለ። ሎሚም ከኮላ አያንስም። በውኃ ቀጥኖ፣ በሰላጣ ላይ ተጨምቆ ሲበላ አያሳስብም፤ በጦም ቀን ለማቅለሽለሽ ብሎ፣ በመንገድም ጥማት ለመቁረጥ ብሎ ግማሹን ሎሚ በፊት ጥርስ ይዞ ረጅም ሰዓት መምጠጥ ግን የፊት ጥርስን ያሳሳል። ለጥምቀት ሎሚ መወርወሩን ግን አልቃወምም።

«ታዲያ እርጎስ? እንጀራስ? እነርሱም ኮምጣጣ አይደሉምን?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእርጎ ፒኤች ከ4 ብዙ አይርቅም፤ ሆኖም ኢናሜልን አይሸረሽርም። ምክንያቱ ወደ ሻዩ ብርጭቆ ይመልሰናል፦ እርጎው ራሱ በካልሲየምና በፎስፌት የተሞላ ስለሆነ ከጥርሱ የሚፈልገው ነገር የለም። ስለዚህ አንድን ምግብ በኮምጣጣነቱ ብቻ መፍረድ ስህተት ነው፤ ምን ተሸክሞ እንደ መጣም መጠየቅ አለበት። እንጀራም ፒኤቹ 4 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ነገር ግን ብቻውን አይመጠጥም፤ በወጥ ተነክሮ፣ ተላምጦ፣ ብዙ ምራቅ አስወጥቶ በማዕድ ሰዓት ይበላል፣ ያበቃል። ጤፍም ባዶ እጁን አይመጣም፤ በ100 ግራም እህል ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ይህም ከስንዴና ከበቆሎ ብዙ እጥፍ ነው። እርሾው የሚያመጣው መኮምጠጥ በእህሉ ውስጥ ማዕድን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ ካልሲየሙና ብረቱ ለሰውነት ይበልጥ ይለቀቃሉ። አያቶቻችን ሊጡን ሦስት ቀን ማቆየታቸው ለሆዳችንም ለልጆቻችን ጥርስ ግንባታም ውለታ ነበር። እኔ እንጀራን ከክሱ ነጻ አድርጌዋለሁ።

ወተትም ሊመሰገን ይገባዋል፤ 100 ግራሙ ወደ 120 ሚሊግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ ኬዚን የተባለው ፕሮቲኑም ማዕድኑን በጥርስ ገጽ ላይ ይዞ ይቆያል። አይባችን ከፈረንጅ ጠንካራ አይብ በካልሲየም ያነሰ ነው፤ በአሲድ የረጋ ስለሆነ ካልሲየሙ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አጓቱን የማይደፉ ሴቶች ልክ ናቸው። በጾም ወራት ወተት ሲቀር ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ሽሮ ክፍተቱን በመጠኑ ይሞላሉ። ጾሙ ራሱ ለጥርስ አንድ ጥቅም አለው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይበላ ሰው ጥርሱን ሙሉ ቀን ያሳርፋል። ማፍረሻው ላይ ለስላሳ መጠጥ ካልተቀመጠ ማለቴ ነው።

ስለ ሦስተኛው ምክር አጭር ነገር ልናገር። አሲድ የነካው ኢናሜል ለጥቂት ጊዜ ከላዩ ይለሰልሳል። ሎሚ የጠጣ፣ ለስላሳ የጠጣ ወይም ያስመለሰው ሰው ወዲያው በብሩሽ ቢፍቅ የለሰለሰውን ጠርጎ ይወስደዋል። በውኃ ይጉመጥመጥ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ይፋቅ። መፋቂያ እንጨትም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ለዘልማዱ ክብር አለኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በልማድ በሚሠራበት አካባቢ ጥቅም ላይ እንዲውል መክሯል። ሆኖም ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና አይተካም፤ ሁለቱ አብረው ቢሄዱ አልጠላም።

ተማሪዎች፣ ስለ ፈተና ሰሞን አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ለእናንተ ምንም አልነገርኋችሁም ማለት ነው። ሌሊት ስንተኛ ምራቃችን ሊቆም ይቃረባል፤ ለዚህ ነው ከመኝታ በፊት የተበላ ጣፋጭ ከቀኑ ሁሉ የሚብሰው። ጫትም አፍን ያደርቃል። ሌሊቱን እየቃሙ፣ ምራቅ በጎደለበት አፍ በየጥቂቱ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ የሚጎነጭ ሰው የስቴፋንን ኩርባ ከታች ይዞት ያድራል። በምርመራ ወንበር ላይ የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣቶች በድዳቸው ጥግ በኩል ጥርሳቸው ተበልቶ ሳይ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ብሩሽ አይደለም፤ «ሌሊት ምን ትጠጣለህ? ምን ትጠጫለሽ?» የሚል ነው። መልሱን ከሞላ ጎደል አስቀድሜ አውቀዋለሁ። በአጠገባችሁ የምታስቀምጡት ውኃ ይሁን። ታናናሽ ወንድምና እህት ያላችሁም በቤታችሁ ሕፃን ስኳር ያለበት አጥሚት ወይም ወተት በጡጦ ይዞ እንዳይተኛ ንገሩ፤ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ በሁለት ዓመቱ ጠቁረው የሚመጡልን ሕፃናት ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው። ጡጦው ካልቀረ ውኃ ይሁንበት።

ከአዳራሹ ውጭ ለዕረፍት የተዘጋጀ ጠረጴዛ አይቻለሁ፤ ቡናም አለ፣ ለስላሳም አለ፣ ቆሎም አለ፤ ስኳሩ ለብቻው በሳህን ተቀምጧል። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄ ያላችሁን ልስማ፤ ከኋላ እጃችሁን ያወጣችሁት፣ ከእናንተ እንጀምር።